ብሎን ሁሉ ብሎን ነው ወይ?

(ከሳይንስ ክበብ አባል ዕጩ መምህር የቀረበ)



ባለፈው ወር በዕደ ጥበብ ክፍለ ጊዜ የተሰበሩ ዴስኮች ስንጠግን አንድ ነገር ገጠመኝ። ከአንድ ሣጥን ብሎን፣ ከሌላ ሣጥን ደግሞ ዳዶ አነሣሁ። ጎን ለጎን ይዤ አየኋቸው፤ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ዳዶውን ስሰካው ሁለት ዙር ያህል በሰላም ሄደልኝ። ከዚያ ያዘ። «ዝገት ይሆናል» ብዬ መፍቻ ጨመርኩበት። አሁንም እንቢ ሲል በሁለት እጄ ታገልኩት። በመጨረሻ ላላ አለልኝና «ገባ!» ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ ገብቶ ሳይሆን ጥርሱ ተልጦ ኖሯል።

መምህራችን መጥተው አዩት። አልተቆጡም። «ቁጥሩን አየኸው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የምን ቁጥር? እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ብሎን ብሎን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሲለካ ግን ብሎኑ ባለ 5/16 ኢንች፣ ዳዶው ባለ 8 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። 5/16 ኢንች ወደ ሚሊሜትር ሲለወጥ 7.94 ነው። ከ8 ጋር ያለው ልዩነት የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ስድስቱ ብቻ ስለሆነ ዓይን አያየውም። ነገር ግን የብሎኑ ጥርሶች በየ1.41 ሚሊሜትሩ፣ የዳዶው በየ1.25 ሚሊሜትሩ ነው የተተከሉት። ስለዚህ ሁለት ዙር ከሄዱ በኋላ መጣላታቸው አይቀርም።

የኔ ጥፋት ዋጋው አንድ ብሎንና አንድ ዳዶ ነው። ቢከፋ ዴስኩ ይወድቅና አንድ ተማሪ መሬት ላይ ይቀመጣል። ይሄው ስሕተት በአውሮፕላን ላይ ቢሠራስ? ይህን ብጠይቃቸው መምህራችን የአውሮፕላን መካኒኮች የሚማሩበትን መጽሐፍ አዋሱኝ። እኔም ያነበብኩትን ለእናንተ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም መግባት ሌላ፣ መያዝ ሌላ ነው።

1ኛ/ ለምን አንድ ዓይነት ብቻ አልሆነም?

ቀደም ባለው ዘመን እያንዳንዱ አንጥረኛና ፋብሪካ ብሎንና ዳዶውን በራሱ ልክ ይሠራ ነበር። የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሁሉም ሊከተለው የሚገባ አንድ የጥርስ ልክ አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበር። በ1864 ደግሞ በአሜሪካ ዊሊያም ሴለርስ የተባለው ባለፋብሪካ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ የሆነ፣ ለመሥራት የሚቀል ሌላ ጥርስ አወጣ። በሜትር የሚለኩት የአውሮፓ አገሮችም የራሳቸውን ያዙ። እንዲህ እያለ ዓለም በሦስት ቤት ተከፈለ ማለት ነው።

ጣጣው ጎልቶ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና ፋብሪካ የእንግሊዞቹን ሮልስ ሮይስ ሜርሊን የተባለ የአውሮፕላን ሞተር በገፍ ማምረት ሲጀምር፣ ጥርሱን ሁሉ በእንግሊዝ ልክ መሥራት ግድ ሆነበት። ለምን ቢባል፣ እንግሊዝ አገር ያለው መካኒክ ሞተሩ ከየትም ይምጣ ከየት በእጁ ባለው መለዋወጫ መጠገን አለበት። ፓካርድም ለዚሁ ሲል የጥርስ መቁረጫ መሣሪያዎቹን ራሱ መሥራት ነበረበት። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1948 አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው አንድ የጋራ የኢንች ጥርስ ለመጠቀም ተፈራረሙ። ማዕዘኑም 60 ዲግሪ ሆነ።

ነገሩ በዚህ አበቃ ወይ? አላበቃም። የሚሊሜትሩ ቤት እንዳለ ቀረ። በኢንቹ ቤት ውስጥም ጥርሱ ይመሳሰል እንጂ፣ ብረቱን፣ ርዝመቱንና አሰያየሙን እያንዳንዱ አውጪ በየፊናው ነው የሚጽፈው። የአውሮፕላን ብሎን መምረጥ ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

2ኛ/ የብሎን ስም እንዴት ይነበባል?

በአሜሪካ ሥርዓት ከሚታወቁት የአውሮፕላን ብሎን ቤተሰቦች አንዱ ኤ.ኤን. ይባላል። ፊደሎቹ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጡ ናቸው። ስሙ አሮጌ ቢሆንም ዛሬም በተለይ በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ በሰፊው ይሠራበታል። ምሳሌ እንውሰድ፤ ኤ.ኤን. 4-10 የሚል ብሎን አለን እንበል።

ሀ) የመጀመሪያው ቁጥር 4 ውፍረቱን በኢንች አሥራ ስድስተኛ ይነግረናል። 4/16 ማለት 1/4 ኢንች ነው። 5 ቢሆን 5/16፣ 6 ቢሆን 3/8 ይሆናል።

ለ) ከሰረዙ በኋላ ያለው 10 ርዝመት ነው። ግን አሥር ተብሎ አይነበብም! የመጀመሪያው አኃዝ ሙሉ ኢንች፣ ሁለተኛው ስምንተኛ ኢንች ነው። ስለዚህ 10 ማለት አንድ ኢንች ከምንም ስምንተኛ፣ 14 ማለት ደግሞ አንድ ኢንች ከአራት ስምንተኛ፣ ማለትም አንድ ኢንች ተኩል ገደማ ነው። ከ7 በኋላ የሚመጣው 10 ነው፤ ስምንት ስምንተኛ ራሱ አንድ ኢንች ስለሆነ 8 እና 9 የሚባል የለም። (በሒሳብ ክፍል በስምንት መሠረት መቁጠር ለምን ይጠቅማል ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ይኸውላችሁ አንድ መልስ።)

ሐ) ፊደሎችም አሉ። በመጨረሻ ኤ ካለበት ብሎኑ ጫፉ ላይ የኮፒሊያ ቀዳዳ የለውም። በመካከል ሲ ካለበት የማይዝግ ብረት ነው። ሁለት ዲ ከሆነ የአልሙኒየም ቅይጥ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤት እንሻገር። ኤን.ኤ.ኤስ. የሚባል ሌላ ቤተሰብ አለ። ከነዚህ ውስጥ 1304-10 የሚለውን እንመልከት። መጨረሻ ላይ ያለው 4 እዚህም 1/4 ኢንች ውፍረትን ነው የሚያመለክተው። እስከዚህ ተስማሙ። 10 ግን እዚህ ቤት ሌላ ትርጉም አለው። በመጀመሪያ ደረጃ ከአናቱ ሥር እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት ሳይሆን ጥርስ የሌለውን ልሙጥ አካል ብቻ ነው የሚለካው። ሁለተኛ፣ የሚለካው በስምንተኛ ሳይሆን በአሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ 10 ማለት 10/16 ኢንች ልሙጥ አካል ማለት ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንደኛው 3/8፣ ሌላው 3/16 ኢንች ውፍረት ያላቸው ሁለት ብረቶች በ1/4 ኢንች ብሎን ይጋጠሙ። ድምሩ 9/16 ኢንች ነው። የኤ.ኤን. 4-10 ልሙጥ አካል በሠንጠረዡ 9/16 ስለሆነ ልክ ይመጣል። ከኤን.ኤ.ኤስ. 1304 ብንወስድ ግን የምንፈልገው ባለ 10ሩን ሳይሆን ባለ 9ኙን ነው። «ያኛው 10 ነበር፣ ይሄም 10 ይሁን» ብለን ብናነሣ ልሙጡ አካል 1/16 ኢንች፣ ማለትም 1.6 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን አውቀን በሮንዴላ ካላካካስነው ዳዶው ጥርስ ጨርሶ ልሙጡ ላይ ይቆማል። መካኒኩ መፍቻውን ሲስብ ጠንክሮ ይይዝለታል፤ «ጠበቀ» ብሎ ይሄዳል። ጠበቀ የተባለው ግን ዳዶው ከብሎኑ ጋር እንጂ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ አይደለም።

በእንግሊዝ የአውሮፕላን ብሎኖች ዘንድ ደግሞ ኤ211 የሚባል ዓይነት አለ። እዚያ 8 ማለት የኢንች ስምንት አሥረኛ፣ ማለትም 0.8 ኢንች ርዝመት ነው። ከርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ውፍረቱንና ጥርሱን ይነግራል፤ ሲ አንድ ዓይነት፣ ዲ ሌላ ዓይነት። ልብ በሉ፤ ያው ሲ የተባለው ፊደል በአሜሪካኖቹ ኤ.ኤን. ቤት የማይዝግ ብረት ነበር፣ እዚህ ግን የመጠን ስም ሆነ። ፊደሉ አንድ ነው፤ ቋንቋው ግን ሁለት ነው። ይህን ኤ211 አትርሱብኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

3ኛ/ «ጠንካራ ከሆነ ምን አለበት?»

ብዙ ሰው የሚለው ይህንን ነው። ከመኪና መለዋወጫ መደብር የተገዛ ጠንካራ ብሎን ለምን ለአውሮፕላን አይሆንም? በቁጥር እንየው። ተራው የኤ.ኤን. ብረት ብሎን በአንድ ካሬ ኢንች 125,000 ፓውንድ የሚጎትት ኃይል እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። አናቱ ላይ ስድስት ሰረዝ ያለበት የአሜሪካ የመኪና ብሎን፣ ደረጃ 8 የሚባለው፣ 150,000 ይችላል። በሚሊሜትሩ ቤት አናቱ ላይ 10.9 የተጻፈበት ደግሞ 1,000 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 145,000 ፓውንድ ይደርሳል። እንግዲህ የመኪናው በለጠ ማለት ነዋ!

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንደኛ፣ ብረት በጠነከረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ግትርነቱም ይጨምራል። ለስላሳው ከመበጠሱ በፊት ጎበጥ ብሎ ምልክት ሲሰጥ፣ ግትሩ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አውሮፕላን ደግሞ ሲበር ውሎ ሲበር የሚያድር፣ ክንፉ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የመኪናው ብሎን ልሙጥ አካል በ1/16 ኢንች እየተመተረ አይሠራም፤ ብዙዎቹም እስከ አናታቸው ድረስ ጥርስ አላቸው። ሁለት ብረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲንሸራተቱ ብሎኑን እንደ መቀስ ሊቆርጡት ይሞክራሉ። በዚያ ቦታ ላይ ጥርስ ካለ፣ እያንዳንዱ ጥርስ የስንጥቅ መጀመሪያ ይሆናል፤ ቀዳዳውንም እንደ ሞረድ እየበላ ያሰፋዋል። ሦስተኛ፣ የአውሮፕላን ብሎን ከየትኛው ፋብሪካና ከየትኛው ምርት እንደመጣ በወረቀት ይታወቃል። መንገድ ዳር የተገዛው ምስክር የለውም።

ምስክር መኖሩ ዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1989 ከኖርዌይ ወደ ሐምቡርግ ይበር የነበረ ኮንቬር 580 አውሮፕላን ዴንማርክ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 55 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። መርማሪዎች ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የጅራቱን ክንፍ ከአካሉ ጋር ከሚያያይዙት ማሰሪያዎች መካከል ከደረጃ በታች የሆኑ፣ ትክክለኛ ያልሆኑ ዕቃዎች አግኝተዋል። መልካቸው ከትክክለኞቹ ጋር ይመሳሰል ነበር። ብረቱ ግን ሌላ ነው።

4ኛ/ እንግዲህ እንዴት ይመረጣል?

መጽሐፉ በብዙ ገጽ የሚዘረዝረውን እኔ በስድስት ጥያቄ አጥሬ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው «መጽሐፉ ምን ይላል?» የሚለው ነው። አውሮፕላን ሁሉ የራሱ የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ አለው። የተፈታውን አሮጌ ብሎን ማየት ይረዳል፤ ግን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ተሳስቶ ከሆነስ? ስሕተትን እየገለበጥን ማስተላለፍ ይሆናል።

ሁለተኛው «ኃይሉ በየት በኩል ይመጣል?» ነው። ብሎኑን የሚጎትተው ነው ወይስ የሚቆርጠው? ለሁለቱ የሚመረጠው ብሎንና ዳዶ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው «ውፍረቱና ጥርሱ ስንት ነው?» ነው። እዚህ ላይ ተመሳሳዮች ያታልላሉ። 1/4 ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ በባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ብንተካው ቀዳዳው ውስጥ ይንቀለቀላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ባለ 10 ቁጥሩ ነው። ይህ ብሎን 4.83 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በአንድ ኢንች ውስጥም 32 ጥርስ አለው። ባለ 5 ሚሊሜትሩ ጥርሱ በየ0.8 ሚሊሜትር ሲሆን የዚህኛው በየ0.794 ነው። ስለዚህ አይጣሉም፤ የኢንቹ ብሎን በሚሊሜትሩ ዳዶ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። የኔ የዴስክ ብሎን ቢያንስ እንቢ ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እንደዚህ ያለው ግን ዝም ብሎ ይገባና ሥራ ላይ ይከዳል።

አራተኛው «ልሙጡ አካል ከሚጋጠሙት ብረቶች ውፍረት ጋር እኩል ነው ወይ?» ነው። ጥቂት ቢተርፍ በሮንዴላ ይሞላል። ቢያንስ ግን ጥርሱ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላም የብሎኑ ጫፍ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጥርስ ወጥቶ መታየት አለበት።

አምስተኛው «ዳዶው በምን ይጠበቃል?» ነው። ብሎኑ በሥራ ላይ የሚሽከረከር ዕቃ የሚይዝ ከሆነ፣ ውስጡ ናይሎን ያለበት ራሱን በራሱ የሚቆልፍ ዳዶ ብቻውን አይበቃም። አናቱ እንደ ዘውድ የተሰነጣጠቀ ዳዶ ይሆንና በቀዳዳው ኮፒሊያ ይሰካበታል። ብሎኑም በተቻለ መጠን አናቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት እንዲሆን ተደርጎ ይገባል። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ ዳዶው ቢወድቅ እንኳ ብሎኑ ቦታውን ይዞ የመቆየት ዕድል አለው።

ስድስተኛው «ምን ያህል ይጥበቅ?» ነው። «አቅምህን ሁሉ ተጠቀም» የሚል መመሪያ የለም። ለ1/4 ኢንች ባለ 28 ጥርስ ብሎን የተለመደው ልክ ከ50 እስከ 70 ኢንች ፓውንድ ነው። ለባለ 10 ቁጥሩ ከ20 እስከ 25 ብቻ! ይህም በሚለካ መፍቻ እንጂ በክንድ ግምት አይታወቅም።

በተጨማሪ የብሎኑን አናት ማየት ነው። የኤ.ኤን. ብረት ብሎን የመስቀል ወይም የኮከብ መሰል ምልክት አለበት፤ አንድ ሰረዝ የማይዝግ ብረት፣ ሁለት ሰረዝ አልሙኒየም፣ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ልኩ በጥብቅ የተጠበቀ ብሎን ነው። አናቱ ያለ ምክንያት አልተጻፈበትም።

5ኛ/ የ90ዎቹ ብሎኖች ታሪክ

አሁን ወደ ኤ211 እንመለስ።

ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990) ጧት የብሪቲሽ ኤርዌይስ የበረራ ቁጥር 5390 ከእንግሊዟ ከተማ በርሚንግሃም ወደ ስፔኗ ማላጋ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቢ.ኤ.ሲ. ዋን-ኢለቨን የተባለ ጄት ሲሆን 81 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። 17,300 ጫማ ገደማ፣ ማለትም ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ከፍ እንዳለ፣ በስተግራ በኩል ያለው የአብራሪው የፊት መስታወት ድንገት ተነቅሎ ሄደ። በውስጥ ታፍኖ የነበረው አየር በዚያ ቀዳዳ ሲወጣ ዋናውን አብራሪ ቲም ላንካስተርን ከመቀመጫው ነቅሎ ወገቡ ድረስ ወደ ውጭ አወጣው። ናይጄል ኦግደን የተባለው አስተናጋጅ ዘሎ ወገቡን ያዘ። ሌሎችም ተራዱት። የሰውየው አካል ከአውሮፕላኑ ጣራ ጋር በነፋስ ተለጥፎ ስለነበር ሞቷል ብለው አስበው ነበር፤ ሆኖም አለቀቁትም። ቢለቁት ክንፉን ወይም ሞተሩን ሊመታ ይችላል። ረዳት አብራሪው አላስቴር አቺሰን ብቻውን አውሮፕላኑን ዝቅ አድርጎ፣ መስታወቱ ከተነቀለ ከ22 ደቂቃ በኋላ ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈው። አንድም ሰው አልሞተም። ዋናው አብራሪም አጥንቱ ተሰብሮ፣ ብርድ በልቶት፣ ግን በሕይወት ተገኘ፤ አምስት ወር ሳይሞላው ወደ በረራ ተመለሰ።

ምን ነበር ነገሩ? መስታወቱ ከበረራው 27 ሰዓት በፊት ተለውጦ ነበር። የያዙት ብሎኖች 90 ናቸው። መሆን የነበረባቸው ኤ211-8ዲ ነበር። ሲመረመር 84ቱ ኤ211-8ሲ፣ 6ቱ ደግሞ ኤ211-7ዲ ሆነው ተገኙ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያነበብነውን አስታውሱ፤ 7ዲዎቹ ውፍረታቸው ልክ ሆኖ በ0.1 ኢንች ያጠሩ ናቸው። 8ሲዎቹ ግን ርዝመታቸው ልክ ሆኖ ውፍረታቸው በ0.026 ኢንች፣ ማለትም በ0.66 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የሚያስደነግጠው ደግሞ ሁለቱም በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ያላቸው መሆኑ ነው። ጥርሱ ስለማይጣላ 8ሲው በ8ዲ ዳዶ ውስጥ ገባ። ገባ፤ ግን አልያዘም።

ይህን የሠራው ሰው ሰነፍ ነበር እንዴ? አልነበረም። የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ሰው ስላነሰው ሥራውን ራሱ ያዘ። አሮጌዎቹን ብሎኖች ሲፈታ አብዛኞቹ 7ዲ ነበሩ፤ ማለትም ከርሱ በፊትም የተሳሳተ ሰው ነበር። «እነዚህ እስከ ዛሬ ከያዙ ምን ጎደላቸው? ያንኑ ልተካ» አለ። የዕቃ ዝርዝሩን መጽሐፍ አላየም። የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ «ለዚያ መስታወት የሚገባው 8ዲ ነው» ብሎ ነግሮት ነበር፤ እርሱ ግን በአሮጌው ብሎን ጸና። በዚያ ዕቃ ቤት በቂ 7ዲ ስላልነበረ ወደ ሌላ፣ ጠባቂ ወደሌለበት መደርደሪያ ሄደ። መብራቱ ደካማ ነበር። አሮጌውን ብሎን ከአዲሱ ጋር እያስተያየ፣ በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ይሄ ነው» ብሎ 84 ብሎን ዘገነ። 7ዲ የወሰደ መስሎት 8ሲ ወሰደ።

ሲያጠብቅ እንኳ አላወቀም። ልኩ ሲደርስ ጠቅ የሚል መሣሪያ ነበር የያዘው። ብሎኑ በሰፊው ዳዶ ውስጥ ጥርስ እየዘለለ ሲንሸራተት የሚሰማው ስሜት ከጠቅታው ጋር ተመሳሰለበት። ሁለተኛ ሰው እንዲመረምረውም ግዴታ አልነበረም። መስታወቱ ደግሞ ከውጭ በኩል የሚገጠም ስለሆነ፣ አየሩ ከውስጥ ሲገፋው መስታወቱን የሚያስቀረው ብሎኑ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ይህ ሰው ያደረገው እኔ በዴስኩ ላይ ካደረግሁት በምን ይለያል? ጎን ለጎን ይዞ አየ፤ ተመሳሰሉበት። እኔም ያው ነኝ። እኔን ያዳነኝ ዕውቀት አይደለም፤ ጥርሱ አለመስማማቱና ዴስክ አለመብረሩ ነው።

6ኛ/ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምን ይጠቅማል?

«እኛ የምናስተምረው ፊደልና ሒሳብ፤ ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን በጣም ያገናኘናል እላለሁ።

አንድ ልጅ የሒሳብ መልሱን «12» ብሎ ሲጽፍ ብዙዎቻችን እርማት ሰጥተን እናልፋለን። 12 ምን? ሜትር? ኢንች? ብር? ከላይ እንዳየነው 10 የሚለው ቁጥር ብቻውን በአንዱ ቤት አንድ ኢንች፣ በሌላው ቤት 10/16 ነው። መለኪያው ያልተጻፈበት ቁጥር ግማሽ መልስ ነው። ልጁ ይህን አራተኛ ክፍል ላይ ካልለመደ፣ አድጎ መካኒክ፣ ነርስ ወይም ግንበኛ ሲሆን ማን ያስለምደዋል?

ለመለማመጃ ቦታችን የሚሆን አንድ ቀላል ሥራ ላቅርብ። ከጋራዥ ወይም ከብስክሌት ጥገና ቤት የተጣሉ አሥር የተለያዩ ብሎኖች ለምኖ መሰብሰብ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ በዓይን ብቻ አይተው እኩል የሚመስሏቸውን ጥንድ ጥንድ ያድርጉ። ግምታቸውን ይጻፉ። ቀጥሎ ማስመሪያ ይሰጣቸውና 25.4 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ላይ ስንት ጥርስ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ልሙጡን አካል ይለኩ፤ አናቱ ላይ የተጻፈውን ይገልብጡ። ጥንዱን እንደገና ያስተካክሉ። ከመጀመሪያው ጥንድ ስንቱ እንደፈረሰ ራሳቸው ሲያዩ፣ መምህሩ «በጥንቃቄ ለኩ» እያለ አንድ ሰዓት ከሚለፈልፍ የበለጠ ይማራሉ። እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሞክሬው ነበር። አምስት ጥንድ አድርገን ሦስቱ ፈረሱብን።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ያ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ትክክለኛውን ቁጥር ተናግሮ ነበር። የፈረቃው ኃላፊ ግን አለቃ ነው፤ ልምድ አለው፤ እናም አልሰማውም። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ቁጥር ልክ አይመስለኝም» ቢለን ምን እንላለን? «ቁጭ በል» ነው ወይስ «ና እስቲ አብረን መጽሐፉን እንየው»? መልሱን ለየራሳችሁ እተወዋለሁ።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ያ መስታወት የታጠቀው ሌሊት በችኮላ ነበር፤ የተፈታው ደግሞ በበረራ ላይ። ስለዚህ ብሎን ሁሉ ብሎን ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አይደለም እላችኋለሁ። ቁጥሩን ያዩት፣ መጽሐፉን የጠየቁት፣ በመለኪያ የለኩት እርሱ ብሎን ነው። የቀረው እንደኔው የዴስክ ብሎን፣ እስኪከዳ ድረስ ብሎን የሚመስል ብረት ነው።

ያ የተላጠው ብሎን ከነዳዶው በዕደ ጥበብ ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ለማየት የምትፈልጉ ጎራ በሉ።